የከፍተኛ ትምህርት ወጪ በማን ይከፈል?

ልጅን አስተምሮ ለቁም ነገር ማብቃት የወላጅ ሁሉ ምኞት መሆኑ የታወቀ ነው። ይህም ምኞት በከተማ በባለ ደመወዙ ቤት ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በምዕራብ ሸዋ ደጋ፥ በጀልዱ ወረዳ፥ በጎጆ ከተማ ዙሪያ ገብስና ድንች አምርቶ በሚተዳደረው ገበሬ ቤትም ያው አንድ ነው። ነገር ግን ምኞት ያለ ወጪ አይፈጸምምና፥ ልጁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተጠራ እንደ ሆነ በደስታው መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «ወጪውን የሚችለው ማን ነው?» የሚል ነው። አንዳንዶች መንግሥት ሙሉውን ይክፈል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከትምህርቱ የሚጠቀመው ተማሪው ስለ ሆነ ራሱ ተማሪው ይክፈል ይላሉ። ይህ ክርክር ለምሁራን ጉባኤ ብቻ የሚተው ሳይሆን ወደ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ማዕድ የሚመጣ ነውና፥ ከአንባብያን ጋር ሆነን ረጋ ብለን ልንመረምረው ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ በነጻ የሚሰጥ ትምህርት የሚባል ነገር አለመኖሩ ይታወቅ። መምህሩ ደመወዝ ይበላል፤ ተማሪው እንጀራ ይበላል፤ መብራቱ ይበራል፤ መጽሐፉ ይታተማል፤ ሕንጻው ይጠገናል። ይህ ሁሉ በገንዘብ ነው። መንግሥትም ገንዘብን ከግብርና ከቀረጥ ይሰበስባል እንጂ ከሌላ ከየት ያመጣል? ግብሩንም የሚከፍለው ነጋዴውና ደመወዝተኛው ብቻ አይደለም። የጎጆው ገበሬ የመሬቱን ግብር ይከፍላል፤ ደግሞም ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ሳሙናና ቆርቆሮ ሲገዛ ከዋጋው ጋር ቀረጡን ይከፍላል። እንግዲህ «መንግሥት ይክፈል» ማለት «ሕዝብ በጋራ ይክፈል» ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው በትክክል የሚጠየቅ ከሆነ፥ ከሕዝቡ መካከል ማን ለማን ይክፈል፥ መቼስ ይክፈል፥ በገንዘብ ወይስ በአገልግሎት ይክፈል የሚል ይሆናል።

የጥንቱ ትምህርት ቤት በምን ይተዳደር ነበር?

ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እኛም በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከፊደል እስከ ዲቁና ተምረን ኋላ ወደ አስኳላ የገባን ስለ ሆንን፥ የጥንቱን ሥርዓት የምናውቀው በሩቁ ሰምተን አይደለም። የኔታ ከተማሪ ክፍያ አይጠይቁም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ይለምናል፤ ባልቴቷም ከሌማቷ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ማደሪያው ከጓደኞቹ ጋር የቀለሳት ትንሽ ጎጆ ናት። መምህሩም የሚኖሩት አጥቢያው በሚሰጣቸው ድርጎና ቤተ ክርስቲያን በነበራት መሬት ነበር፤ ይህም መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ምክንያት ቀረ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፥ ገንዘብ የለውም ተብሎ ከደጅ የሚመለስ ተማሪ አልነበረም። ሁለተኛ፥ ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ አልወደቀም፤ እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጥቂት ይሰጥ ነበርና፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሆነ። ሦስተኛ፥ ተማሪው የተቀበለውን በልቶ ዝም አይልም። ገና በትምህርት ላይ ሳለ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ በተመረቀም ጊዜ ቁራሽ የሰጠውን ሕዝብ ያገለግላል።

ጉድለቱን ግን ልንሸሽግ አይገባንም። ስንቱ ልጅ በርሃብና በበሽታ ከመንገድ ቀርቷል፤ ስንቱ በመንደር ውሻ ተነክሷል። ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶቹ በቀር ከዚህ ትምህርት ውጭ ነበሩ። ስለዚህ የጥንቱን እንዳለ እንመልሰው አንልም፤ ሐሳቡ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ግምጃ ቤት

በአገራችን ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፥ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ። በምዕራብ ሸዋም፥ በዚያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ፥ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ትምህርት ቤት ያደገ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ተማሪው ጥቂት፥ የመንግሥት ሥራ ደግሞ ብዙ ነበር። መንግሥት ለመሥሪያ ቤቱ የተማረ ሰው ይፈልግ ስለ ነበር ወጪውን ችሎ ያስተምር ነበር። ሆኖም ያን ጊዜም ቢሆን ውለታው ይመለስ የሚል አሳብ አልጠፋም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲሠሩ ያዝዝ ነበር። አብዛኞቹም በየአውራጃው ከተማ በመምህርነት አገለገሉ። አንድ ወጣት በከተማ የተማረውን ይዞ ወደ ገጠር ሲወርድ፥ ያስተማረውን ሕዝብ በዐይኑ ያየዋል፤ ሕዝቡም የግብሩን ፍሬ ያያል። ይህ በወርቅ የማይለወጥ ጥቅም ነው።

ከኦሎንኮሚ የተነሣው ልጅ

መንግሥት መክፈል ይገባዋል የሚሉት ወገኖች ከሚያቀርቡት ማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ይገኛል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኦሎንኮሚ ተወለዱ። ያደጉትም ወለሉ ጭቃ በሆነ፥ አንድ ክፍል ብቻ ባላት የሣር ጎጆ ውስጥ ነበር። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር የጸና አሳብ ስለ ነበራቸው፥ ልጁ በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ፥ ሳምንቱን እዚያው ሰንብቶ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዚያም ወደ ጅማ የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም ወደ ዓለማያ ኮሌጅ ገብተው በ1973 በፈረንጆች በዕፀዋት ትምህርት ተመረቁ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ መንግሥት ርዳታና በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት የቆሙ ነበሩ። በመጨረሻም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ።

እኚህ ሰው ድርቅን የሚችል የማሽላ ዘር አስገኝተው በ1983 በፈረንጆች በሱዳን ለገበሬ እንዲዳረስ አደረጉ። ኋላም የማሽላ ጠላት የሆነውን አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር አውጥተው ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ጠቀሙ። ስለዚህም ሥራቸው በ2009 በፈረንጆች የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ የቆመ ሰው «መጀመሪያ ገንዘቡን ክፈይ» ብሎ ያችን እናት ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ምን ትሰጥ ነበር? ልጁ ከደጅ ይመለስ ነበር፤ የቀረውም ዘር ሳይወለድ ይቀር ነበር። የማይከፈለውን ክፍያ የምንጠይቀው ከአንድ ቤት ነው፤ የሚጎዳው ግን በሱዳን በረሃ ማሽላ የሚዘራው፥ ስሙን እንኳ የማናውቀው ገበሬ ነው። የአንድ ሰው ትምህርት ጥቅሙ ለዚያ ሰው ብቻ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ሐኪሙ የተማረበት ገንዘብ በታካሚው ጤና ይመለሳል፤ መምህሩ የተማረበት በተማሪዎቹ ይመለሳል።

የተቃራኒው ወገን ክርክር

የሌላውንም ወገን ቃል ግን በቅን ልብ መስማት ይገባል። እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከጠቅላላው ወጣት ጥቂቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከመቶ 3.3፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ሆነ። ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣቱ ደስ ያሰኛል፤ ቢሆንም ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ልጆች አሁንም ከዚያ መሥመር በታች ናቸው። የእነዚያም ልጆች አባቶች ግብር ከፍለዋል።

ደግሞም ከሚያልፉት መካከል የከተማውና የባለ ገንዘቡ ልጅ ከድርሻው በላይ ይገኛል። ለምን ቢሉ፥ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት በብዙ ገንዘብ ያስተማረ ሰው ለፈተናው አዘጋጅቶታልና። የገጠሩ ልጅ ግን መጽሐፍ ለብዙ በሚዳረስበት፥ ቤተ ሙከራ በሌለበት ክፍል ተምሮ፥ ከብት ጠብቆና እንጨት ተሸክሞ ያንኑ ፈተና ይቀመጣል። እንግዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሲከፍል የኖረው አባት ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ መክፈሉን ይተዋል፤ የድንች ገበሬው ግን ልጁ ከመንገድ ቀርቶ ሳለ ለሌላው ልጅ ይከፍላል። ይህስ ፍርድ ነውን? ይላሉ።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እኛም በመምህርነት በቆየንበት ዘመን የታዘብነው ነገር ይኸው ነው። ልጅ የሚወድቀው በዩኒቨርሲቲው ደጅ ላይ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ማንበብን በሚገባ ሳይለይ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል በተሻገረ ጊዜ ነው። መሠረቱ ያልተጣለለትን ቤት ጣራውን በቆርቆሮ ማልበስ ምን ይረባል?

ሆኖም ታችኛውን ትምህርት ከላይኛው ጋር ማጣላት የሚያመጣውን ነገር ታሪካችን አሳይቶናል። መንግሥት አስጠንቶ በ1966 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ የሚያስብ ነበር። አሳቡ ሲታይ መልካም ይመስላል። መምህራንና ወላጆች ግን «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዲቀር፥ ከፍተኛው ትምህርት ለሀብታም ልጅ እንዲሆን ታስቧል» ብለው ጠረጠሩ። በየካቲት ወር መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ይህም ለዘመኑ መለወጥ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ድኻ ልጁ ከላይ እንዳይደርስ የሚከለክል የሚመስለውን ማንኛውንም ደንብ በዝምታ አይቀበልም። ተስፋው እርሱ ብቻ ነውና።

ዛሬ የምንሠራበት ደንብ

የአሁኑ ደንብ በሁለቱ አሳብ መካከል የቆመ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥት ለጤና፥ ለትምህርትና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ግን ተማሪው ከወጪው እንዲጋራ ደነገገ፤ ሕዝቡም ይህን ኮስት ሼሪንግ ይለዋል። ከዚያ በፊት ለመደበኛ ተማሪ የትምህርቱንም፥ የምግቡንም፥ የመኝታውንም ወጪ መንግሥት ይችል ነበር። በአዲሱ ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 ይሸከማል። ነገር ግን በመግቢያው ደጅ ላይ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ከመቶ ከ10 ያላነሰ እየተቆረጠ፥ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ይከፍላል። አስቀድሞ መክፈል ለሚሻ ቅናሽ ይደረግለታል። ለመምህርነት የሚሠለጥኑም ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚወጡበት መንገድ ተሰጥቷቸዋል።

ይህ ለቤተ ሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ በሒሳብ እንየው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። የገበያው ዋጋ ያውቃልና ጭማሪው ተገቢ ነበር፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ መመገብ ተአምር ነበርና። ነገር ግን ልጁ በዓመት 300 ቀን ከዩኒቨርሲቲው ማዕድ ቢመገብ፥ በቀድሞው ሒሳብ የአራት ዓመት የምግብ ዕዳው 26,400 ብር ይሆን ነበር፤ በአዲሱ ሒሳብ ግን 120,000 ብር ይሆናል። መኝታውና ከትምህርቱ ወጪ የሚደርሰው ገና አልተቆጠረም። ይህ ተመራቂ በወር 10,000 ብር ቢያገኝና ከመቶ 10 ቢቆረጥበት፥ የምግቡን ዕዳ ብቻ ከፍሎ ለመጨረስ 120 ወር፥ ማለት 10 ዓመት ያስፈልገዋል። ጎጆ ወጥቶ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ወላጆቹን የሚጦረው በዚሁ ጊዜ መሆኑን አንርሳ።

ዕዳውን መሰብሰብም እንደ ማስፈረም አልቀለለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረው ከደመወዙ ይቆረጥበታል። በግል ንግድ የተሠማራው፥ ሥራ ያጣው፥ ወደ ውጭ አገር የሄደው ግን በዚህ መረብ አይያዝም። እንግዲህ በገጠር ክሊኒክ የሚያገለግለው ሲከፍል፥ ከአገር የወጣው ሳይከፍል ይቀራል። ዕዳው እስኪከፈል ዋናውን የምስክር ወረቀት መያዝም የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ሥራ ለማግኘት የሚሮጠውን ወጣት መሮጫ እግሩን እንደ ማሰር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከዚህም ሌላ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝ አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መንግሥት ወጪያቸውን ከሚችልላቸው ሌላ፥ ራሳቸው የሚከፍሉ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ የታሰበ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በታችኛው ክፍል ያሉት ልጆቻችን ሲደርሱ ደንቡ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ መነጋገር ይገባናል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ሌላው ዓለምም በዚህ ነገር አንድ ቃል አልሆነም። አውስትራሊያ በ1974 በፈረንጆች የዩኒቨርሲቲን ክፍያ አስቀርታ ነበር፤ በ1989 ግን ተማሪው ከተመረቀ በኋላ፥ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ፥ በግብር አማካይነት እንዲከፍል አደረገች። የእኛም ደንብ በብዙ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን የማስቀረቱ ጥንቃቄ ግን ሊጠናን የሚገባ ነው። እንግሊዝ በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ ማስከፈል ጀመረች፤ በ2012 ይኸው እስከ 9,000 ፓውንድ ደረሰ። የትንሽ ክፍያ በር አንድ ጊዜ ከተከፈተ ምን ያህል እንደሚሰፋ ከዚህ ይታያል። በጀርመን አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ክፍያ ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን እስከ 2014 ድረስ ሁሉም ተዉት። በአሜሪካ ደግሞ የተማሪዎች ብድር ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ፥ ሽበት ያወጡ ሰዎች እንኳ የወጣትነታቸውን ትምህርት ገና ሲከፍሉ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው ክፍያ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ብቻ ነገሩን እንደማይፈታው ነው። ክፍያው መቼና ከማን ይጠየቃል የሚለው ይበልጣል።

የእኛ አሳብ

ሁለቱን ወገን ከሰማን ዘንድ የእኛን አሳብ በግልጥ እንናገራለን።

አንደኛ፥ ፈተናውን አልፎ በተጠራ ልጅ ፊት በመግቢያው ደጅ ላይ የገንዘብ ደረት አይቀመጥበት። ይህን መንግሥት ሊሸከመው ይገባል። የወላጅን ሀብት መርምሮ ሀብታሙን ከድኻው መለየት በወረቀት ቀላል ቢመስልም፥ የገበሬና የነጋዴ ገቢ በማይመዘገብበት አገር እውነተኛው ድኻ ማስረጃ አጥቶ፥ ብልጡ ማስረጃ አግኝቶ ይገባል።

ሁለተኛ፥ የተማረ ሰው ከተማረ በኋላ መመለስ ይገባዋል። የወላጁን ኪስ ከመመርመር የተመራቂውን ደመወዝ ማየት ይቀላልና፥ ክፍያው ያኔ ይጠየቅ። ነገር ግን ራሱን በጭንቅ ከሚያኖር ተመራቂ ላይ አይቆረጥ፤ ሥራ ያጣውም በወረቀቱ መያዝ ምክንያት ተጨማሪ በር አይዘጋበት።

ሦስተኛ፥ አገልግሎት ከገንዘብ ይልቅ የከበረ ክፍያ ሆኖ ይቈጠር። ለመምህራን የተሰጠው መንገድ ለነርሱም፥ ለአዋላጇም፥ ለእርሻ ባለሙያውም፥ ለመሐንዲሱም ይስፋ። ባለሙያ ሊቀመጥበት በማይወድደው ወረዳ ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ዕዳውን በላቡ ከፍሏልና ይፋቅለት። የ1957ቱ አሳብ ዛሬም አላረጀም።

አራተኛ፥ ከተመራቂዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ታችኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሕዝብ በዐይኑ ይየው። ተመራቂው የከፈለው ብር ለአንደኛ ክፍል ሕፃን መጽሐፍ ሆኖ ቢታይ፥ የሚከፍለው ሰው ቅር አይለውም፤ ከመንገድ የቀረው ልጅ አባትም ድርሻውን ያገኛል። ያን ጊዜ ላይኛውና ታችኛው ትምህርት ተቃዋሚዎች መሆናቸው ቀርቶ ተደጋጋፊዎች ይሆናሉ።

ለቤተ ሰብ የምንመክረው

ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ ግን ቤተ ሰብ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም። ውሉ ሲፈረም ወላጅና ልጅ አብረው ያንብቡት፤ ወላጅ ማንበብ የማይችል ወይም ቋንቋው የማይገባው እንደ ሆነ በሚገባው ቋንቋ ይተርጎምለት። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባል ነበር፤ አሁን ልጁ ገና በ18 ዓመቱ የራሱን ዕዳ ይፈርማልና፥ ምን እንደ ፈረመ ይወቅ። የውሉም ቅጂ በየዓመቱ ከቤት ሰነድ ጋር ይቀመጥ።

ትምህርቱ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቢሆንም ከቤት የሚወጣ ወጪ መኖሩን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ልጁ ከጎጆ ተነሥቶ ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ቢመደብ የመንገዱ፥ የልብሱ፥ የአንሶላው፥ የስልኩ፥ የወረቀቱ ወጪ አለ። በቤትም አንድ የሥራ እጅ ይጎድላል። ስለዚህ ከአዝመራው ጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስቀመጥ በኋላ በሬ ከመሸጥ ያድናል። በዚህም ጊዜ ለወንዱ ልጅ በሬ ተሽጦ ለሴቷ ልጅ «አቅም የለንም» እንዳይባል እንለምናለን። ውሉ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ፈተናውን ያለፈችውም በራሷ ድካም ነው።

ዕድርና ማኅበርም በዚህ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ለቀብር የሚረዳዳ ሰፈር ለሕያው ልጅ የመንገድ ገንዘብ ቢያዋጣ ምን ይጎድልበታል? በዓመት አንድ ቀን ከየቤቱ ጥቂት ብር ቢሰበሰብ ሁለት ሦስት ልጆች ከነስንቃቸው ይላካሉ። ይህ ከጥንቱ የቁራሽ ሥርዓት የሚለየው ልጁ ከውሻ ጋር እየታገለ ሳይለምን በክብር መቀበሉ ብቻ ነው።

በመጨረሻም የምረቃውን ድግስ ልክ እናድርገው። ተበድሮ በግ አርዶ፥ ድንኳን ጥሎ፥ በማግሥቱ ልጅን ከሁለት ዕዳ ጋር ወደ ሥራ ፍለጋ መስደድ መልካም አይደለም። ለድግሱ የታሰበው ገንዘብ እኩሌታው ለመጀመሪያው የኮስት ሼሪንግ ክፍያ ወይም ለሥራ መጀመሪያ ቢሆን ልጁን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ተመራቂዎች በምረቃ ቀን «ሳይማር ያስተማረኝን ሕዝብ አገለግላለሁ» ሲሉ እንሰማለን። መልካም ቃል ነው። ያ ሕዝብ ግን ስም የሌለው ብዙ ሕዝብ አይደለም፤ በጎጆ ገበያ ድንቹን ሸጦ ሳሙና የገዛው ገበሬ፥ ልጇ ፈተናውን ያላለፈላት እናት ናት። ቃሉን ያለ ሰው እነርሱን ያስብ፤ በሥራውም በገንዘቡም ይመልስላቸው። መንግሥትም ደጁን ለልጆቻቸው ክፍት ያድርግ።